የልጄን መድኃኒት ሳላቋርጥ እንዴት ልዝለቅ?

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው።

የ6 ዓመት ልጄ አስም አለበት። ሁለት የሚሳብ መድኃኒት ታዞለታል። ሳልቡታሞል ሲያፍነው ብቻ ነው። ቤክሎሜታዞን ደግሞ ባያመውም በየቀኑ።

ችግሬ ይሄ የየቀኑ ነው። የቀን ሥራ ነው የምሠራው። ወር ሲያልቅ ኪራይ ይቀድማል። ልጁ ደህና ሲመስለኝ "ትንሽ ይቆይ" እላለሁ። ከዚያ አንድ ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ በተነፈሰ ቁጥር የጎድን አጥንቱ መሃል ስርጉድ ይላል። የታክሲ፣ የካርድ፣ የኦክስጅን፣ የምርመራ እየተባለ ያለችኝ ሁሉ እዚያው ታልቃለች። በነጋታው ሥራ አልገባም፣ የዕለቱ ገቢም ቀረ። ቆጠብኩ ብዬ ዕዳ ውስጥ ገባሁ። ስልኬን ሸጬ ይሄን የምጽፈው በጎረቤቴ ስልክ ነው።

ስፔሰር የሚሉትን፣ መድኃኒቱ በደንብ እንዲሳብ በመንፊያውና በልጁ አፍ መሃል የሚገባውን ዕቃም መግዛት አልቻልኩም። አንዲት ነርስ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቀድዳ ሠራችልኝ። መድኃኒቱን በቀዳዳው ሰክቼ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይስባል። ይሠራል!

ገንዘብ ስጡኝ አላልኩም። ክፍያ በየሳምንቱ ከፋፍለው እንዲቀበሉኝ ማንን ላናግር? ካሸሩ ገና አፌን ሳልከፍት "ቀጣይ" ይላል። በሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ በኩል ነፃ ሕክምና ያገኘ ካለ፣ ምን ማስረጃ ይዞ ሄደ? ደግሞስ በዚያው ንጥረ ነገር የተሠራ ረከስ ያለ ሌላ ስም ያለው ካለ መቀየር ይቻላል?

እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የያዝነው 4 ቀን ቢያደርሰን ነው።