ድስት ላይ የሚረጋ ዘይት ደም ሥር ውስጥም ይረጋል?

ባለጀሪካኑ፦ ትናንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንድ እንግዳ ስለ ዘይት ያወራል። «ጠዋት ድስታችሁ ላይ ረግቶ ያገኛችሁት ዘይት ደም ሥራችሁ ውስጥም እንደዚያው ይረጋል፣ አትግዙ» አለ። ተሳፋሪው በሙሉ «እውነቱን ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እግሬ ሥር ደግሞ ከሸማቾች ተሰልፌ የገዛሁት ባለ አምስት ሊትር ፓልም ተቀምጧል። የሰረቅኩት ነው የመሰለኝ። ቆይ፣ ሰውነታችን 37 ዲግሪ አይደል እንዴ? የአዲስ አበባ ጠዋት እኮ 10 ዲግሪ ይወርዳል። በብርድ የረጋ ዘይት አይቶ ደም ውስጥም ይረጋል ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው? ደሞ «አትግዙ» ማለት ቀላል ነው። ምን እንግዛ? የሱፍ ዘይት ዋጋ ያውቃል?

ጎጃሜው፦ ሰውየው ምን አጠፋ? ኑግ እያለን ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ በመርከብ የመጣ ስብ እየበላን አንተ ስለ ዲግሪ ታስተምረናለህ። ሰሊጡን ከሁመራና ከመተማ ጭነን ለውጭ እንሸጣለን፣ በዶላሩ ፓልም እንገዛለን። የሚያናድደው ይሄ ነው።

ነርሷ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። ዘይት እንዳለ ደም ሥር ገብቶ አይረጋም፣ አንጀት ውስጥ ነው የሚፈጨው። ጣጣው ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት ላይ ነው። እሱ ሲበዛ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፣ ያ ነው በዓመታት የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚከማቸው። ፓልም ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። የሱፍ ዘይት 11 በመቶ ገደማ፣ ሰሊጥ 15 በመቶ ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትዱ በቀን ከምታገኙት ካሎሪ ከ10 በመቶ አይለፍ ይላል፣ 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ወደ 22 ግራም ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፓልም ብቻውን 7 ግራም ገደማ አለው። እናንተ ቤት ሽሮው ላይ ስንት ማንኪያ ይገባል?

ባለጀሪካኑ፦ እኛ ቤት በማንኪያ የሚለካ የለም፣ በእጅ ግምት ነው። ግን «ይረጋል» ያለው ውሸት ነው ብለሻል፣ እኔም ያልኩት እሱን ነው።

ነርሷ፦ ውሸት አላልኩም። መንገዱ ሌላ ነው አልኩ።

ባለጀሪካኑ፦ ያው ነው!

እትዬ ወጥ፦ ልጆቼ፣ የሚረጋ ሁሉ የሚገድል ከሆነ ቅቤዬስ? ቅቤም እኮ ይረጋል። እናቴ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ ስትበላ ነው ያረጀችው። ደም ግፊት የሚባል አታውቅም ነበር። ያበላሸን ይሄ ከውጭ የመጣ ዘይት ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሬዲዮው እርስዎን አልነካም። የተነጠረ ቅቤ ከ60 በመቶ በላይ ሳቹሬትድ ነው፣ ከፓልም ይብሳል። ግን ስለ ቅቤ ትንፍሽ የሚል እንግዳ ሰምተው ያውቃሉ? ቅቤ ሲረጋ «ለጋ»፣ ፓልም ሲረጋ «መርዝ»። የድሃው ድስት ላይ ሲሆን ሁሉም ሐኪም ይሆናል።

እትዬ ወጥ፦ ቅቤን ከፓልም ጋር አንድ ላይ ትጠራለህ? አንተ ዶሮ ወጥ በምን ሊሠራልህ ነው?

የፒያሳ ልጅ፦ በቅቤ ነው እንጂ! እወደዋለሁ እኮ። ጤና ነው አትበሉን ነው የምለው። ደግሞ የዛሬ ቅቤ የእናትዎ ቅቤ ነው እንዴ? ሙዝ የገባበት፣ የአትክልት ቅቤ የተቀላቀለበት ስንቴ ተያዘ?

ነርሷ፦ እትዬ፣ እናትዎ ጾመኛ ከነበሩ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ቅቤ አይቀምሱም። በፍስኩስ በየቀኑ ነበር? ውኃ እየቀዱ፣ እንጨት እየተሸከሙ የሚበላ ቅቤና ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚበላ ቅቤ እኩል አይደለም። ያ የአትክልት ቅቤ የሚባለው ደግሞ ከሁሉም ያስፈራኛል። በሃይድሮጂን እንዲጠጥር የተደረገ ከሆነ ትራንስ ፋት የሚባለው ለልብ መጥፎ ቅባት ሊኖርበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከምግብ ይጥፋ ብሎ የተነሳው እሱ ላይ ነው። ፓልም እንኳን ያለዚያ ነው የሚረጋው።

እትዬ ወጥ፦ በጾም ኑግ ነበር፣ የሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ ፍትፍት ነበር። እሱን ልክ ነሽ።

ጎጃሜው፦ ኑግ! እትዬ ይኑሩልኝ። ከኑግ ዘይት ከሦስት ሁለት እጁ ሊኖሌይክ የሚባለው ጥሩ ቅባት ነው። ፋጉሎው፣ ከጭማቂው የሚተርፈው፣ ለከብት ይሆናል። የሚጣል ነገር የለውም።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ ወጥ የምሠራው በአቮካዶና በኮኮናት ዘይት ነው። አገር ቤት ለምን አትሞክሩትም? አቮካዶ እዚያው አይደል የሚበቅለው?

የፒያሳ ልጅ፦ እህቴ፣ ኮኮናት ከ80 በመቶ በላይ ሳቹሬትድ ነው። የረጋውን ሸሽተሽ የባሰ የሚረጋው ላይ አረፍሽ። የአቮካዶ ዘይቱን በዶላር ላኪልን፣ እንሞክረዋለን።

ከቨርጂኒያ፦ አስተያየት መስጠት ያስሰድባል እንዴ? አቮካዶውን ሳታይ ኮኮናቱን ብቻ ያዝክ።

ባለሱቁ፦ እኔ ሻጭ ነኝ። የምታወሩት ሰው እኔ ሱቅ አይመጣም። የእኔ ደንበኛ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዞ መጥቶ «እዚህ ድረስ ሙላልኝ» ነው የሚለኝ። በጣቱ ያሳየኛል። ከፓልምና ከሱፍ አይመርጥም፣ የሚመርጠው ዘይት ከማግኘትና ከማጣት ነው። የቡሬው የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም ሲመረቅ ይረክሳል ብለን ጠብቀን ነበር። የቅባት እህሉ ካልደረሰ ፋብሪካውም ድፍድፍ ፓልም ከውጭ ማስመጣቱ አይቀርም።

ጎጃሜው፦ ኑግ ለምን አትሸጥም ታዲያ?

ባለሱቁ፦ የታሸገ ነው? የተጣራ ነው? ከየጨማቂው በጀሪካን የሚመጣውን ማን ያምናል? በ2000 ዓ.ም ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው እግሩ ሲያብጥ፣ ሲሞት ረሳችሁት? አርጌሞን የሚባል እሾሃም አረም ፍሬው ከዘይቱ ጋር ተጨምቆ ነው።

ጎጃሜው፦ የዛሬ ስንት ዓመቱን አሁን ታመጣለህ? አረሙ ነው እንጂ ኑጉ ምን አደረገ!

የፒያሳ ልጅ፦ የወተቱንም ጨምርበት። ፋጉሎ ሻግቶ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ከብቶቹ ጋ፣ ከዚያም ወተቱ ውስጥ ተገኘ ተብሎ አገር አልተናወጠም? «የሚጣል የለውም» ያልከው እሱ ነው።

ጎጃሜው፦ የሻገተ እህል የትም የሻገተ ነው። የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። አንተ ፒያሳ ተቀምጠህ የገበሬውን ማሳ ትከሳለህ?

ነርሷ፦ ኑግ ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ይበላሻል። ብርሃን ላይ አታስቀምጡት፣ ብዙም አትግዙ። የተልባ ዘይት ደግሞ ጨርሶ አይጠበስበትም። ለመጥበስ ሰሊጥ ይሻላል፣ ቶሎ አይበላሽም። ማንም ያላነሳውን ልንገራችሁ፣ ቦንቦሊኖና ሳምቡሳ የሚጠበስበትን ዘይት አይታችሁታል? ጠዋት ቢጫ፣ ማታ ቡና የመሰለ፣ ነገ እላዩ ላይ ይጨመርበታል። የሱፍ ይሁን የፓልም፣ ከተቃጠለ በኋላ ማን ይለየዋል?

ባለጀሪካኑ፦ ቦንቦሊኖውን ተዉልኝ፣ ያለ እሱ ጠዋት የለኝም። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ያለኝ አንድ ጀሪካን ፓልም ነው። ልድፋው?

እትዬ ወጥ፦ ምን ልድፋ ትላለህ፣ ነውር ነው! ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላ። ጠብ ጠብ እያደረግክ ውኃ ጨምር። በርበሬው ሲገባ ያኔ ትንሽ ዘይት። የእናቶቻችን አሠራር ነው። የአሁኑ ልጅ ድስቱ ሳይግል ዘይት ይገለብጣል።

የፒያሳ ልጅ፦ እሱ እንኳን ዛሬ የሰማሁት ጥሩ ነገር ነው። ግን እትዬ፣ ቅቤው በስንት ማንኪያ ነው የሚገባው?

እትዬ ወጥ፦ አንተን አላናግርም።

ከቨርጂኒያ፦ ያለ ዘይት ሽንኩርቱ አያርርም?

እትዬ ወጥ፦ ቆመሽ ካማሰልሽው አያርርም። ስልክሽን አስቀምጪ።

ጎጃሜው፦ ባለሱቁ፣ ንጹህ ኑግ አበጥሬ፣ አስጨምቄ ላምጣልህ። ትሸጠዋለህ?

ባለሱቁ፦ አምጣው፣ አየዋለሁ። ቅድሚያ ክፍያ ግን የለም።

ጎጃሜው፦ ክፍያ ማን ጠየቀህ? ባዶ ጀሪካኑን ብቻ እንዳትሸጥብኝ።