አጠቃላይ 7 አምጥቼ ለምን አልበቃኝም?

ጠያቂዋ፣ ከዱባይ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ዱባይ በሒሳብ ሠራተኝነት አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዲግሪ አለኝ፤ ላጤ ነኝ። ሰውን በነጥብ አወዳድሮ ለሚቀበለው የካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ብዬ ባለፈው ወር አይኤልትስ ጄኔራል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ተፈተንኩ። ውጤቴ ይኸውላችሁ፦ ሊስኒንግ 7.5፣ ሪዲንግ 6.5፣ ራይቲንግ 6፣ ስፒኪንግ 7። አጠቃላይ 7። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ቡና ሁሉ አፈሉልኝ።

ከዚያ ካናዳ ላለው የአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። "በዚህ አይሆንም፣ ድገሚው" አለኝ። ክው ነው ያልኩት። 7 ጥሩ አይደለም እንዴ? ራይቲንግ ላይ ደግሞ ምን እንዳጠፋሁ ጭራሽ አልገባኝም። ሁለቱንም ጽሑፍ ጨርሻለሁ። የቃላቱ ብዛት ሞልቷል። ከዩቲዩብ የሸመደድኳቸውን ከባባድ ቃላትም አስገብቻለሁ። እንደገና ለኮርስ ልክፈል ወይስ በራሴ ላጥና? ያለፋችሁበት ንገሩኝ።

መልስ፣ ከካልጋሪ

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ቡናው አልባከነም። የአክስትሽ ልጅ ግን ልክ ነው።

ካናዳ ያንን "አጠቃላይ" የሚባለውን ቁጥር አታየውም። አራቱን ለየብቻ ወስዳ ሲኤልቢ ወደሚባለው የራሷ መለኪያ ትቀይራለች። በዚያ ሲታይ ሊስኒንግሽ 8፣ ሪዲንግሽ 8፣ ራይቲንግሽ 7፣ ስፒኪንግሽ 9 ነው። ሰው ሁሉ የሚያሳድደው አራቱንም 9 ማድረግ ነው። በአይኤልትስ ቋንቋ ሊስኒንግ 8፣ ሌሎቹ ሦስቱ 7 ማለት ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ ነሽና በቁጥር ላሳይሽ። ለላጤ አመልካች እያንዳንዱ ክፍል ሲኤልቢ 7 ላይ 17 ነጥብ፣ 8 ላይ 23፣ 9 ላይ 31 ያስገኛል። ያንቺ ሲደመር 94 ነው። አራቱም 9 ቢሆኑ 124። እስካሁን ልዩነቱ 30 ነው። ትልቁ ነገር ከዚህ ይቀጥላል። ዲግሪሽና ከካናዳ ውጭ የሠራሽበት ዘመን ከቋንቋው ጋር ተጣምረው ሌላ ነጥብ ያመጣሉ። አንድ ዲግሪ ከሲኤልቢ 7 ጋር 13 ነው፤ ከ9 ጋር 25። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ ከ7 ጋር 25 ነው፤ ከ9 ጋር 50። ስለዚህ ሌላ 37 ጨምሪ። በድምሩ 67 ነጥብ ጠረጴዛ ላይ ትተሽ ነው የወጣሽው። ልብ በይ፣ ይሄ ሁለተኛው ጭማሪ ሙሉ የሚሆነው አራቱም 9 ሲሞሉ ነው። አንዷ ከጎደለች ወደ ታችኛው ይመልስሻል። ያንቺ ደግሞ ከስፒኪንግ በቀር ሦስቱም 9 አልሞሉም።

አሁን ወደ ራይቲንጉ።

እኔ ሦስት ጊዜ ነው የተፈተንኩት። ሁለቴ 6.5 ላይ ተቸነከርኩ። ለሁለተኛው ጊዜ ኮርስ ከፍዬ ነበር። አሠልጣኙ "ፎርሙላ" ሰጠን። ርዕሱ ስለ ትራፊክም ይሁን ስለ ልጆች አስተዳደግ መግቢያው ያው ነው። ያን መግቢያ በቃሌ ይዤ ገባሁ፤ ያችኑ 6.5 ይዤ ወጣሁ። ለካ ፈታኞቹ ያንን መግቢያ ከኔ በፊት በቃላቸው ይዘውታል።

መንገዱን ያሳየችኝ የወንድሜ ሚስት ናት። አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። "አዲስ ድርሰት እንዳትጽፍ፣ የድሮዎቹን አምጣ" አለችኝ። አሥር ሰጠኋት። ስህተቶቹን በዓይነት በዓይነት ለይታ አንድ ወረቀት ላይ ደረደረችው። እኔ ችግሬ መቶ ዓይነት ነው ብዬ ነበር። አምስት ዓይነት ነው የወጣው። አምስቱም አማርኛ ናቸው! በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ።

አንዱን ልንገርሽ። እኛ "አምስት ልጅ አለው" እንላለን። ቁጥሩ ካለ ብዙ መሆኑ ታውቋል፤ "ልጆች" ማለት ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩም እያለ ስሙን በብዙ ቁጥር ይፈልጋል። እኔ በየድርሰቱ "ፋይቭ ቻይልድ" ዓይነት ነገር እጽፍ ነበር። ሳነበው ደግሞ ዓይኔ ምንም አያይም፤ ጆሮዬ አማርኛውን ነዋ የሚሰማው።

ሌላዋ "ስለ" ናት። ስለ አንድ ጉዳይ እንወያያለን፤ ስለዚህ "ዲስከስ አባውት" እንላለን። እንግሊዝኛው "አባውት" አይፈልግም። እንደዚሁ ሰው ከሰው ጋር ስለሚጋባ "ማሪድ ዊዝ" እንላለን። እሱም "ዊዝ" የለውም።

ሦስተኛዋ "ምንም እንኳ" ናት። እኛ "ምንም እንኳ ቢዘንብ፣ ግን ሄድኩ" ብንል ማንም አይገላምጠንም። በእንግሊዝኛ "ኦልዞው" ብለሽ ከጀመርሽ "በት" አይከተልም። ከሁለቱ አንዱ ነው። እኔ በአሥር ድርሰት ዘጠኝ ጊዜ ሁለቱንም ደርቤያለሁ። ቆጥራ ነገረችኝ፤ አፈርኩ።

"ኤ" እና "ዘ" ለብቻቸው መከራ ናቸው። አማርኛ "መኪና ገዛሁ" ብሎ ያልፋል። እንግሊዝኛ "ኤ"ዋን ካላገኘ ደስ አይለውም። ይሄንን እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም፤ በጣም ቀንሼዋለሁ እንጂ። አምስተኛው የራሴ ነው፦ አራት ነጥብ ሳላደርግ ግማሽ ገጽ እሄዳለሁ። ግሱ መጨረሻ ላይ እንዲመጣ ስጠብቅ መሰለኝ።

አምስቱን በትንሽ ደብተር ጻፍኳቸው። ከዚያ በኋላ ስለማመድ 60 ደቂቃውን እንዲህ ከፈልኩት፦ ለደብዳቤው 18፣ ለድርሰቱ 35፣ የቀረችው 7 ደቂቃ ለነዚያ አምስት ብቻ። ሌላ ምንም አላርምም። ድርሰቱ ከደብዳቤው እጥፍ ነጥብ እንዳለው አትርሺ። ለደብዳቤ ማሳመር ጊዜ የሚያጠፋ ሰው ከኪሱ ነው የሚያወጣው። በሦስተኛው ፈተና 7 መጣ። እንግሊዝኛዬ በሁለት ወር አልተለወጠም። ያው እኔ ነኝ።

ከባባድ ቃላቱን ተያቸው። ያለቦታው የገባ ከባድ ቃል በሠርግ ልብስ ሽንኩርት እንደመላጥ ነው። "ፕሌቶራ" የምትለዋን ቃል በሕይወቴ ከድርሰት ውጭ ተጠቅሜባት አላውቅም።

ደብዳቤው ላይ አንድ የኛ ሰው በሽታ አለ። ጥያቄው ሦስት ነገር መልሱ ይልሻል። ለጓደኛ ከሆነ እኛ እንደ ድሮው "ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" ብለን እንጀምራለን። ከ150 ቃል 40ው ሰላምታ ሆነ። ሦስተኛው ነጥብ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ይቀራል፤ ነጥቡም አብሮ ይቀራል። ሰላምታው አንድ መስመር ይበቃዋል።

ሊስኒንግ ከ7.5 ወደ 8 ለመውጣት ሁለት ሦስት ጥያቄ ነው የጎደለሽ። ከ40ው 35 አካባቢ ማግኘት ነው። ድምፁ አንዴ ብቻ ስለሚሰማ የሚያመልጠው ትንንሹ ነገር ነው፦ "ፊፍቲን" እና "ፊፍቲ"፣ ፊደል እየተቆጠረ የሚነገር የሰው ስም፣ "ደብል ፎር" የሚባል ስልክ ቁጥር። ሰዓት ላይም ተጠንቀቂ። እኔ አንዴ "ሰቨን ኦክሎክ" ሲባል ሰምቼ እጄ 1 ጻፈ። አንድ ሰዓት ነዋ! ሳቂ፣ ግን አንድ ጥያቄ ሄደብኝ።

ሪዲንግ ላይ ጄኔራል ምንባቡ ቀለል ስለሚል ለ7 የሚጠይቀው ለትምህርት ከሚሰጠው ከአካዳሚክ ይበልጣል፤ 34 ገደማ መመለስ አለብሽ። አብዛኛው የሚወድቀው "ኖት ጊቭን" (ምንባቡ ላይ አልተጠቀሰም) የሚለው መልስ ላይ ነው። ምንባቡ ያላለውን እኛ ከምናውቀው እየሞላን "ትሩ" እንላለን።

ስፒኪንግሽ ደህና ነው፤ አትነካኪው። አንድ ነገር ብቻ። እኛ ሰው ሲያወራን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን "አዎ" እንላለን አይደል? ፈታኟ ደንግጣ "አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። ሁሉም ነገር ይቀዳል እንግዲህ።

ኮርሱን በተመለከተ፣ አትክፈዪ። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ሰው ፈልጊና አሥር ጽሑፍሽን በስህተት ዓይነት ያስቀምጥልሽ። ምሳ ጋብዢው።

መልስ፣ ከኤድመንተን

የካልጋሪው ወንድሜ ሁሉንም ብሎታል። እኔ የምጨምረው፣ አይኤልትስ ብቸኛው በር አይደለም። ለካናዳ ሴልፒፕ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተናም ይሠራል። ከ2024 ወዲህ ፒቲኢ ኮር የሚባለው ፈተናም ተቀባይነት አለው። እኔ በሴልፒፕ ነው የመጣሁት። ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ነው። ስፒኪንጉንም የምታወሪው ለማሽን ነው። ሰው ፊት የሚያፍር ሰው ይወደዋል፤ ሰው ሲያይ የሚሟሟቅ ሰው ደግሞ ይጨነቃል። ከመወሰንሽ በፊት አንቺ ጋ የት እንደሚሰጥ እዪ።

አይኤልትስ ላይ አንድ ክፍል ብቻ መድገም ይቻላል ሲሉሽ ደግሞ ዝም ብለሽ እንዳትከፍዪ። ተቀባዩ አገር ለምታመለክቺበት ፕሮግራም መቀበሉን ከራሱ ገጽ አንብቢ። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት መሆኑንም ቁጠሪ። ፕሮፋይል ስታስገቢም፣ በኋላ ዋናውን ማመልከቻ ስትልኪም ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት።

ሌላው ደግሞ ቴሌግራም ላይ "የዚህ ሳምንት ጥያቄ አለን"፣ "ሳትፈተኑ 8" የሚሉ አሉ። አንድ የማውቀው ልጅ ገንዘቡን በልተውት ጠፉ። እሱ ዕድለኛ ነው እላለሁ። ሐሰተኛ ሰነድ አስገብቶ የተያዘ ሰው ካናዳ ለአምስት ዓመት በሩን ትዘጋበታለች።

መልስ፣ ከእንግሊዝ

ጥያቄው የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ግን ገልፍ ያላችሁ ነርሶች ይህን እንደምታነቡ አውቃለሁ። እኔም ከዚያው ነኝ፤ ሪያድ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ወደ እንግሊዝ ለምትመጡ ኦኢቲ የሚባለውን እዩት። ለጤና ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። ለነርስ ምዝገባ በሊስኒንግ፣ በሪዲንግና በስፒኪንግ 350፣ በራይቲንግ 300 ይበቃል። በአይኤልትስ ከሆነ 7፣ ራይቲንጉ 6.5።

እኔ አይኤልትስ ላይ "መንግሥት ለሙዚየም ገንዘብ ማውጣት አለበት ወይ" ተብዬ ቃል አጣሁ። ስለ ሙዚየም በአማርኛም ሐሳብ የለኝም! ኦኢቲ ላይ የሰጡኝ የበሽተኛ መረጃ ነው። ለሌላ ክፍል የሪፈር ደብዳቤ ጻፊ አሉኝ። በየቀኑ የምሠራው ሥራ። ስፒኪንጉም በሽተኛ ማነጋገር ነው። በሽተኛዋን ማረጋጋት፣ ማዳመጥ። ዋጋው ከአይኤልትስ ይወደዳል፤ ያን እወቁ።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ይቅርታ፣ ርዕሱን ትንሽ ላጣምመው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ግሪን ካርድ ከያዘች 16 ዓመት ሆኗታል። ለዜግነት እንግሊዝኛ ትፈተናለች ብላ ሌሊት እንቅልፍ የላትም። የኔ ልጅ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ እያነበበላት ነው።

መልስ፣ ከካልጋሪ

እማማን አሳርፊያቸው። አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ እናታችንን ያስጨረሰችው በዚሁ ነው። ዕድሜ 55 አልፎ ግሪን ካርድ 15 ዓመት ከሞላው የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርላቸዋል። 50 ዓመት ከሆኑ ደግሞ 20 ዓመት ነው የሚፈለገው። የታሪክና የመንግሥቱ ጥያቄ ግን አይቀርም፤ በአማርኛ በአስተርጓሚ ይመልሱታል። የልጁ ንባብ ግን ይቀጥል፤ ለሁለቱም ይጠቅማል።

ጠያቂዋ፣ ከዱባይ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። 67 ነጥብ የምትለዋን ሳነብ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ትናንት ማታ የድሮ ጽሑፎቼን አወጣሁ። የካልጋሪው ጋሼ ያሉትን ዓይነት ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ሥራዬ ነው መቼስ። ሰባት ድርሰት፣ 41 ስህተት። "ኤ" እና "ዘ" ብቻዋን 19 ናት። "ዲስከስ አባውት" አራት ጊዜ። ሰላምታዬ ደግሞ 36 ቃል ነው፤ ጭራሽ ለባንክ ሥራ አስኪያጅ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ "ቤተሰብህ እንዴት ነው" ብያለሁ።

ከዚያ ስፒኪንግ እየተለማመድኩ ድምፄን ቀዳሁ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ "አዎ" ብያለሁ። አብራኝ የምትኖረውን ልጅ አሰማኋት። "ምኑ ነው ችግሩ?" አለችኝ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ እየሳበች።