የሞተ የሰዓት ስም ሲገዛ ታሪኩም አብሮ ይሸጣል?

የጥንት ሰዓት ወዳጅ፦ የስዊሱ ሰዓት ሠሪ ብራይትሊንግ በ2023 መጨረሻ ዩኒቨርሳል ዤኔቭ የተባለውን የሰዓት ቤት ገዛው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ስሙን ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1894 «ለ ሎክል» በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ተጀምሮ፣ በኋላ ጄኔቫ የገባ ትልቅ ቤት ነበር። ለመሆኑ አዲሱ ባለቤት «ከ1894 ጀምሮ» እያለ ሰዓት መሸጥ ይገባዋል? እኔ አይገባውም ባይ ነኝ። ሰዎቹ የሉም፣ ሥራውም ለዓመታት ተቋርጧል።

ሰዓት ጠጋኙ፦ ወንድሜ፣ ስሙ እኮ ድሮም እጅ ሲቀያይር ነው የኖረው። በ1966 የአሜሪካው ቡሎቫ ገዛው። በ1989 ደግሞ የሆንግ ኮንጉ ስቴሉክስ ወሰደው። የባትሪ ሰዓት መጥቶ የስዊሶቹን ገበያ ሲያናጋ ይሄም ቤት ተመታ። ታሪኩ የተቆረጠው በየትኛው ሽያጭ ነው ትላለህ?

ህግ ተማሪዋ፦ ህጉ የሚያስተላልፈው የንግድ ምልክቱን ነው። የሠራተኞቹን ሙያ ማንም በውል አይገዛም። የዩኒቨርሳልን ፖልራውተር ተመልከቱ። በ1954 የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ከኮፐንሃገን ሎስ አንጀለስ በሰሜን ዋልታ በኩል መብረር ሲጀምር የወጣ ሰዓት ነው። የነደፈው ጄራልድ ዤንታ ገና የ23 ዓመት ልጅ ነበር። ሮያል ኦክና ናውቲለስ የሚባሉትን ዝነኛ ሰዓቶች የነደፈው እሱ ራሱ ነው፣ ያ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ። ይህን ታሪክ በ2023 የመጣ ሰው «የኔ» ሊለው አይችልም።

ሰዓት ጠጋኙ፦ እህቴ፣ ታሪክ እኮ ያኔም የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም። በአውቶማቲክ ሰዓት ውስጥ እጅ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላ ክብደት አለ። በተለምዶ ከሞተሩ በላይ ስለሚቀመጥ ሰዓቱን ያወፍረዋል። ዩኒቨርሳል ክብደቱን አሳንሶ ሞተሩ ውስጥ ቀበረው፣ «ማይክሮቶር» ብሎም ሰየመው። ሰዓቱ ስስ ሆነ። የሚያምር ሥራ ነው፣ ከፍቼ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን ቢዩረን የተባለው ቤት በዚሁ ሐሳብ የፈጠራ መብት የጠየቀው በ1954 ነው። ዩኒቨርሳል ያመለከተው በ1955።

የጥንት ሰዓት ወዳጅ፦ ይሄኛው ነገር አሳምኖኛል። እሺ፣ 1894ን ይጻፍ። ግን ሦስቱንም ሽያጮች፣ ዝም ያለባቸውንም ዓመታት አብሮ ይናገር። ገዢ የሚከፍለው ለዚያ ታሪክ ከሆነ ሙሉውን የመስማት መብት አለው።

ህግ ተማሪዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። «ከ1894 ጀምሮ» የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም። «በ1894 የተመሠረተ» ይበል። «ጀምሮ» ሲባል ሳይቋረጥ የኖረ ያስመስለዋል።

ሰዓት ጠጋኙ፦ ቃሉ ላይ አልከራከርሽም። የኔ መለኪያ ሌላ ነው፦ መለዋወጫ። የ1950ዎቹን ፖልራውተር ይዞ የመጣ ሰው ዕቃ ያገኛል ወይ? ስሙን የወሰደ ሰው እነዚያን አሮጌ ሰዓቶች ካደሰ እኔ ወራሽ ብዬ እቀበለዋለሁ። አዲሱን ብቻ እየሸጠ አሮጌውን ሳይጠግን ከመለሰ ግን የገዛው በሰዓቱ ፊት ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ነው።