ልጁ 118፣ ሰሌዳው 120፦ «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» ሲባል ተጠያቂው ማን ነው?

ፈረቃ መሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በመዝናኛ ፓርካችን የሮለር ኮስተር (ከፍ ዝቅ በሚል ሐዲድ ላይ የሚፈጥን ባቡር) መግቢያ ላይ «ከ120 ሳ.ሜ. በታች አይፈቀድም» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ሲለካ 118 ነው። አባትየው «አብሬው እቀመጣለሁ፣ ኃላፊነቱንም ፈርሜ እወስዳለሁ» ይላል፤ ሰልፉም ቆሟል። ለመሆኑ ቁጥሩን የሚወስነው ማን ነው? የአባት ፊርማስ ኦፕሬተሩን (ማሽኑን የሚያሠራውን ሠራተኛ) ነጻ ያወጣዋል? በጫማ ይለካ ወይስ ያለ ጫማ በሚለውም ኦፕሬተሮች አይስማሙም።

ብሎን ፈታሽ፦
ቁጥሩን የሚያወጣው አምራቹ ነው፤ ከማሽኑ ጋር በሚመጣው ማኑዋል ውስጥ ሰፍሯል። ፓርኩ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ 120 የሚለውን 130 ቢያደርገው ችግር የለውም። ዝቅ ለማድረግ ግን የአምራቹ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ያለዚያ ማሽኑ ከተነደፈበት ውጭ እየሠራ ነው።

ቁመት የሚለካው ለራሱ ለቁመቱ ሲባል ብቻ አይደለም። በር ላይ የእያንዳንዱን ሰው የጭን ርዝመትና የዳሌ ስፋት መለካት ስለማይቻል ቁመት እነሱን ተክቶ ይገባል። ባቡሩ የኮረብታውን ጫፍ ሲያልፍ ሰውነት ከመቀመጫው ይነሳል፤ ያን ጊዜ የሚይዘው ጭን ላይ ያረፈው ብረት ነው። ትንሽ ልጅ እግሩ ወለል ስለማይደርስ ራሱን መደገፍ አይችልም፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ዳሌው ወደ ፊት ተንሸራቶ ከብረቱ ሥር ሊወጣ ይችላል።

«አብሬው እቀመጣለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ያሳስታል። ብረቱ ለሁለት ሰው አንድ ከሆነ የአባትየው ጭን ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ በልጁ ጭንና በብረቱ መካከል ቡጢ የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። እንዲህ ባለ መቀመጫ ላይ የአባት አብሮ መቀመጥ ልጁን ይበልጥ ያጋልጠዋል። «ከአዋቂ ጋር ከ100 ጀምሮ» የሚሉ ማሽኖች አሉ፣ እውነት ነው። እዚያ ግን አምራቹ አስልቶበታል፤ አዋቂው የተፈለገውም ልጁ እንዳይነሳና እንዳይደናገጥ እንዲቆጣጠረው ነው።

አሰልጣኝ፦
ስለ አለካኩ ልጨምር። ማኑዋሉ በጫማ ወይም ያለ ጫማ ካለ እሱ ይከበር። ዝም ካለ ፓርኩ አንዱን መርጦ በጽሑፍ ያውጣ፤ በሁሉም በሮች አንድ ይሁን። ተረከዝ መሬት ይንካ፣ ጀርባ ምሰሶው ላይ ይለጠፍ፣ ዓይን ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይይ፣ ኮፍያ ይውለቅ፣ የጎፈረ ጸጉር ይጫን። ጫማ ውስጥ ወረቀት የሚጠቀጥቁ ወላጆች አሉ፤ የልጁ ተረከዝ ከጫማው አፍ ከፍ ብሎ ከታየ አስወልቃችሁ ለኩ።

መለኪያው በብሎን የታሰረ ይሁን፤ በየጠዋቱ በሜትር ይረጋገጥ። ስህተት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ነው። ለዝናብ ተብሎ 2 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው የላስቲክ ምንጣፍ እግር ሥር ከተነጠፈ፣ 118 የነበረው ልጅ 120 ሆኖ ያልፋል።

ቁመቱ ያለፈ ልጅም ቢሆን መቀመጫው ላይ ይፈተሻል፦ ብረቱን ወደ ታች ግፉ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሳቡ። ይህ በእያንዳንዱ መቀመጫ፣ በእያንዳንዱ ዙር ይደረግ። ወፍራም ጃኬት ይውለቅ፤ ጉዞው ላይ ጃኬቱ ሲጨመቅ ብረቱ ይላላል።

የደህንነት ክፍል፦
የአባት ፊርማ ብረቱን አያጠብቀውም፣ ፓርኩንም ነጻ አያወጣም። ሕግ እንደየአገሩ ይለያያል፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ በቸልተኝነት ለሚደርስ ሞትና የአካል ጉዳት ኃላፊነትን በውል ማስቀረት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ አይቻልም።

ጥፋቱም በኦፕሬተሩ ላይ ብቻ አይጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዙ የመዝናኛ ፓርክ በአልተን ታወርስ ሠራተኞች የኮምፒውተሩን የማቆሚያ ትእዛዝ አልፈው ባቡር ለቀቁ፤ ሰው የጫነው ባቡር ሐዲዱ ላይ ከቆመው ባዶ ባቡር ጋር ተጋጨ። ፍርድ ቤት 5 ሚሊዮን ፓውንድ የቀጣው ድርጅቱን ነው፤ ሠራተኞቹን የሚመራ በቂ የአሠራር ሥርዓት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ በግሌንዉድ ካቨርንስ የመዝናኛ ፓርክ ደግሞ አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ቀበቶዎቹ ላይ ተቀመጠችባቸው እንጂ አልታሰሩላትም ነበር። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ችግር እንዳለ አመልክቷል። ኦፕሬተሮቹ ምልክቱ የሚለው ስላልገባቸው ሪሴት አድርገው (ምልክቱን አጥፍተው እንደ አዲስ አስጀምረው) ማሽኑን አስነሱት፤ ልጅቷ ሞተች። ሪሴት ከመደረጉ በፊት አንድ ሰው ወደ መቀመጫው ሄዶ ቀበቶውን በእጁ መንካት አለበት፤ ይህ የማያሻማ ደንብ ሆኖ ይጻፍ።

ፈረቃ መሪ፦
ኦፕሬተሩ እምቢ ሲል አለቃው መጥቶ «አሳልፈው» ቢለውስ?

የደህንነት ክፍል፦
ኦፕሬተር የከለከለውን አለቃ በቃል እንዳይሽር በደንባችሁ አስገቡ። ክልከላው መዝገብ ላይ ይስፈር፦ ሰዓት፣ ልኬት፣ የከለከለው ሰው ስም። የመጀመሪያውን መለኪያ ደግሞ ሰልፉ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ትከሉት። ረጅም ሰልፍ ጠብቆ መሳፈሪያው ደርሶ የሚመለስ ልጅ ያለቅሳል፣ አባት ይቆጣል፣ ኦፕሬተሩም ይላላል። ሁለተኛው ልኬት ግን መሳፈሪያው ላይ አይቅር።