በአቃቂ ውኃ የለማ ቆስጣ፦ የላብራቶሪ ውጤቱ ምን ማለት ነው?

የወንዝ ዳር አትክልት
ጤና ይስጥልኝ። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ውኃ በመስኖ ከሚለማ መሬት የተወሰደ ቆስጣ ተመርምሮ ሁለት መርዛማ ብረቶች፣ ካድሚየም 1.4፣ ሊድ 6 ሚሊ ግራም በኪሎ ተገኝቶበታል። ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ለቅጠላ ቅጠል የፈቀደው ካድሚየም 0.2፣ ሊድ 0.3 ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይጨምራል) 5.8። አምራቹ እርሻውን ይተወው?

አፈርና ውኃ
ከመወሰንዎ በፊት ውጤቱ የደረቅ ወይስ የትኩስ ክብደት መሆኑን ያረጋግጡ። ላብራቶሪ ቅጠሉን አድርቆና ፈጭቶ ስለሚለካ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የደረቁን ነው፤ የኮዴክስ ቁጥር ግን ለትኩሱ ነው። ቆስጣ ከመቶ 92 ያህሉ ውኃ ነው፤ ደረቁ 8 ብቻ። ስለዚህ ካድሚየሙ 1.4 × 0.08 = 0.11፣ ከጣሪያው በታች። ሊዱ 6 × 0.08 = 0.48፣ ከጣሪያው በላይ። ናሙናው ታጥቦ ነበር?

የወንዝ ዳር አትክልት
የደረቅ ክብደት ነው። አልታጠበም።

አፈርና ውኃ
እንግዲያው ሊዱ በአብዛኛው ከላይ የተለጠፈ ሳይሆን አይቀርም። ሊድ ከአፈር ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ በሥር በኩል ወደ ቅጠል የሚወጣው ጥቂት ነው፤ የመንገድ አቧራና በመስኖ ጊዜ የሚረጭ ጭቃ ግን ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ከአንድ መደብ የተቆረጠውን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በቧንቧ ውኃ ደጋግመው አጥበው ሁለቱንም ያስመርምሩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ምንጩ አቧራና ጭቃ ነው። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ቆስጣው ገበያ ባይወጣ ይሻላል።

መደብ
ካድሚየም ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሥር ገብቶ ቅጠል ውስጥ ስለሚከማች እጥበት አይነካውም። አፈሩ አሲዳማ በሆነ መጠን ይበልጥ ይሟሟል። ፒኤቹን ወደ 6.5 ለማድረስ የግብርና ኖራ ያስፈልጋል፦ ሸክላማ አፈር ከሆነ በ100 ካሬ ሜትር ከ20 እስከ 40 ኪሎ፣ እንደ አፈሩ ምርመራ። እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀላቀል፣ እርጥበት ያግኝ፣ ቢያንስ አንድ ወር ሳይዘራበት ይቆይ። ኖራው ከልክ ካለፈ ዚንክና ብረት ለተክሉ ያንሱታል፤ የዚንክ እጥረት ደግሞ መልሶ ካድሚየም እንዲገባ ያግዛል። መሬቱ ከቆዳ ፋብሪካ በታች ከሆነ ባለ ስድስቱን ክሮሚየም (መርዛማውን የክሮሚየም ዓይነት) ለይተው ሳያስመረምሩ ኖራ አይጨምሩ፤ ፒኤች ሲጨምር እሱ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል።

ሰላጣና ቆስጣ ካድሚየም በብዛት ከሚስቡት ናቸው። ፎሶሊያና ቲማቲም ፍሬያቸው ላይ የሚደርሰው በጣም ያነሰ ነው፤ መደቡን ለእነሱ መስጠት ከኖራውም ይፈጥናል።

አፈርና ውኃ
ውኃውንም አትርሱት። ለመስኖ የሚመከረው የካድሚየም ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ናሙናውን ወንዙ በሚቀንስበት በበጋ ይውሰዱ፤ በክረምት ጎርፍ ስለሚያቀጥነው ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ውኃው ራሱ ከዚህ ጣሪያ ካለፈ ኖራው የሚያስረው ካድሚየም በየመስኖው በአዲስ ይተካል።