ርካሽ ሽጉጥ ገዝቶ ማሳመር ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

አወያይ (ለገጣፎ)፦ ሰላም የሰፈር ሰዎች። የዛሬው ክርክር ትንሽ ለየት ይላል። ታናሽ ወንድሜ ዳላስ ነው ያለው። በዲቪ ሄዶ አሁን ግሪን ካርድ አለው። የሥራ ባልደረቦቹ በእረፍት ቀናቸው ዒላማ ተኩስ ይዘውት ይሄዳሉ። ወደደውና የራሴን ሽጉጥ ልግዛ አለ። ያሰበው ታውረስ ጂ 3 የሚባለውን የብራዚል ሽጉጥ ነው። ከ300 ዶላር በታች ይገኛል። ከዚያ ምላጩን፣ ማነጣጠሪያውን፣ በርሜሉን ቀይሬ አሳምረዋለሁ ይላል። ለዚህም ሌላ 300 ዶላር መድቧል። እኔ ደግሞ «600 ዶላር ካለህ በቀጥታ ግሎክ ለምን አትገዛም?» አልኩት። ተጨቃጨቅን። ማን ልክ ነው? ለመዝናኛ ብቻ፣ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር መሆኑን ያዙልኝ።

ቶርኖ ቤት (ቡራዩ)፦ ሽጉጡን ይግዛ፤ መቀያየሩን ግን ይተው። ቪትዝ ገዝቶ የስፖርት ቸርኬ፣ ስፖይለርና የሚጮህ ማርሚታ የሚያስገጥም ልጅ ታውቃላችሁ አይደል? መጨረሻ ላይ ያው ቪትዝ ነው። ሲሸጠው ደግሞ ለቸርኬው ሳንቲም የሚጨምርለት የለም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሽጉጥ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ተያይዞ ነው የሚሠራው። ምላጩ እንዲቀል ብለህ ስፕሪንጉን በለስላሳ ስትቀይር፣ የጥይቱን ቂጥ የምትመታዋ መርፌም ጉልበቷ ይቀንሳል። ጠቅ ይልና ዝም። አብዝተህ ካቀለልከው ደግሞ ሳታስበው ይተኩሳል። ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የሽጉጥ ምላጭ የሚጎረጉር ሰው ካየሁ ከዚያ ቤት ውልቅ ነው የምለው። በርሜል መቀየርማ ገንዘብ መበተን ነው። ለጀማሪ የፋብሪካው በርሜል ከበቂ በላይ ነው፤ የሚስተው እጁ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቀየር ከተባለ ማነጣጠሪያውን። የርካሾቹ ማነጣጠሪያ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ ዓይንም አይይዝም። እሱን ቀይሮ እጁን ይሰብስብ።

ግሎክ ነኝ (ገላን)፦ እኔ በአወያይ ሐሳብ እስማማለሁ። ግሎክን የኦስትሪያ ጦር በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) መርጦት ነው የገነነው። ዛሬ በብዙ አገር ፖሊሱም ወታደሩም የያዘው እሱን ነው። ታውረስን ግን እስኪ ያለፈውን ፈትሹ። አሜሪካ ውስጥ ዘጠኝ የሽጉጥ ሞዴሎቹ ሲወድቁ ይተኩሳሉ ተብሎ ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥፋቱን ሳያምን በስምምነት ነው የጨረሰው። ጉዳዩ የነካው ወደ አንድ ሚሊዮን ሽጉጥ ነበር። 250 ዶላር ለመቆጠብ እግሬን አላስመታም።

ከቨርጂኒያ የተመለስኩ (ሱሉልታ)፦ ገላን፣ ያልከው እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው ያልከው። የተከሰሱት የቀድሞ ሞዴሎች ናቸው፤ ጂ 3 ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ደግሞ ውዱስ? ሲግ ሳወር ፒ 320 የአሜሪካ ጦር የመረጠው ሽጉጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በሆነ ማዕዘን ሲወድቅ ይተኩሳል ተብሎ ኩባንያው ለገዢዎች በነፃ እያስተካከለ ሲሰጥ ነበር። ዋጋ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ርካሽ ሲባል ደግሞ ደረጃ አለው። ሃይ ፖይንት የሚባል ኦሃዮ ውስጥ የሚሠራ አለ። ከ200 ዶላር በታች ነው። የላይኛው ተንሸራታች አካሉ ከዚንክ ቅይጥ ስለሚሠራ ከባድ ነው፤ አፍንጫው ወደታች ይጎትታል። ሰው ይስቅበታል፤ መተኮሱን ግን ይተኩሳል። ታውረስና የቱርኩ ካኒክ ከእሱ በጣም ይሻላሉ። ካኒክማ ከፋብሪካ ሲወጣ ምላጩ ለስላሳ ነው፤ ምንም መንካት አያስፈልገውም።

የኔ ነጥብ ግን ሌላ ነው። ሁላችሁም የተከራከራችሁት በማይጎዳው ወጪ ላይ ነው። እስኪ አብረን እናስላ። ልጁ በወር ሁለቴ ቢሄድ፣ በሄደ ቁጥር 150 ጥይት ቢተኩስ፣ በዓመት 3,600 ጥይት ነው። ተራው 9 ሚሊ ሜትር በርካሽ ቀን አንዱ 25 ሳንቲም ገደማ ነው። 900 ዶላር! የመተኮሻ ቦታው መግቢያ በቀን 20 ዶላር ቢሆን ሌላ 480 ይጨመራል። በዓመት 1,380 ዶላር ማለት ነው። የታውረስና የግሎክ ልዩነት እኮ በሁለት ወር ተኩስ ይበላል። 300 ዶላር ለማሳመሪያ የመደበው ልጅ በዚያው ብር 1,200 ጥይት ይገዛ ነበር። ጥሩ ተኳሽ የሚያደርገው ያ ነው።

አወያይ (ለገጣፎ)፦ እንዲህ ሲሰላ እኔም ወንድሜም የተጨቃጨቅነው በባዶ ነው ማለት ነው። ይቀጥል።

ሻምበል (ሰንዳፋ)፦ ልጆች፣ ርካሽ መሣሪያ ላይ መከራከር ዛሬ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1887 አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጊዜው ያለፈበትን ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ሸዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ምኒልክ እንጦጦ ላይ የሟች ሸሪኩን ዕዳ ሳይቀር እያሰቡ ዋጋውን አወረዱበት። አሮጌ መሆኑን አጥተውት አይደለም፤ በዋጋው ነው የገዙት።

ወደ ሽጉጡ ስመለስ፣ ቀላልና ርካሽ ከተባለ ከማካሮቭ የሚስተካከል የለም። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበሉት ነው። በርሜሉ ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተጠበቀ ስለሆነ ወዲያ ወዲህ አይልም። ስፕሪንጉ እዚያው በርሜሉ ላይ ነው የሚጠመጠመው። ሲፈታ ብትንትኑ አይወጣም፤ ጨለማ ውስጥም ትገጥመዋለህ። አንድ ካርታው 8 ጥይት ይይዛል። የሚቀየር ነገር ስለሌለው ፈተናም የለበትም። ቶካሬቭን ግን ለጀማሪ አልመክርም። ሲሠራ ጀምሮ የሴፍቲ ማንሻ የለውም፤ የሚተኩሰው ጥይትም ኃይለኛ ነው።

ቶርኖ ቤት (ቡራዩ)፦ ሻምበል፣ ይቅርታዎን፣ ማካሮቭ የሚተኩሰው የራሱን ጥይት ነው እኮ። 9 በ18 ነው፤ እዚያ ሁሉ ሱቅ የሚሸጠው 9 በ19 አይገባበትም። ዳላስ ያለ ልጅ ጥይት ፍለጋ ሲንከራተት ሊውል ነው።

ሻምበል (ሰንዳፋ)፦ ይገኛል። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይል እንደሆን እንጂ ይገኛል።

ጎረምሳው (ሰበታ)፦ ዳላስ ዳላስ ትላላችሁ፤ እኛስ? ቱርክ ሠራሹ ርካሽ ነው ሲባል እሰማለሁ። አንድ ገዝቶ ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት መተኮስ ምን ችግር አለው? እሱም መዝናኛ ነው።

የሕግ ሰው (ለገዳዲ)፦ ችግር አለው፤ በአጭሩ ልንገርህ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል አለ። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝም፣ መግዛትም፣ ከውጭ ማስገባትም ወንጀል ነው። «ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ በኮንትሮባንድ ተያዘ» የሚለውን ዜና ሰምተህ የለ? አንተ ርካሽ የምትለው ያንን ነው። ርካሽ የሆነው በር ላይ ስላልተፈተሸ ነው። የአወያይ ወንድምም ቢሆን ለእረፍት ሲመጣ ሽጉጥ ቀርቶ አንዲት ፍሬ ጥይት ሻንጣው ውስጥ እንዳትገኝ። የተኩስ ቦርሳውን ለጉዞ ባይጠቀምበት ይሻለዋል፤ ጥይት ጥጉ ላይ ተወሽቃ ትቀራለች።

እዚያም ያለውን ይወቅ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሽጉጥ አይሸጥም። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን በአብዛኛው አይፈቀድለትም። ጓደኛው ስለገዛ እኔም እገዛለሁ የሚል አበሻ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ሲስተር (ኮዬ ፈጬ)፦ ሰበታ ያለኸው ወንድሜ፣ የትኛውን ሜዳ ነው የምትለው? ኮዬ ፈጬን እየው፣ የካ አባዶን እየው። ትናንት የእርሻ መሬት ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሽጉጥ ጥይት ከኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። አንተ ባዶ ሜዳ ያልከው ማዶ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት አለች። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ቢሆን እዚያው አይቀርም፤ ይወርዳል። ሲወርድም ሰው ይገድላል።

ለዳላሱም አንድ ነገር አለኝ። ስለ ምላጭና በርሜል ይህን ሁሉ ስታወሩ ስለ ጆሮ ማንም አላነሳም! የ9 ሚሊ ሜትር ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ከ140 በላይ አንዴ ብቻ ቢሰማ እንኳ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። የተጎዳ የመስማት ነርቭ ደግሞ አይመለስም። ጣሪያ ባለው ቤት ውስጥ የሚተኩስ ከሆነ ሁለቱንም ያድርግ፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን መድፈኛና ከላይ የሚጠለቀውን። የዓይን መነጽርም። ቀለሁ እየዘለለ ሲወጣ ትኩስ ነው፤ ሸሚዝ ውስጥ ከገባ ሰው ይደነግጥና ሽጉጡን እንደያዘ ይዞራል። አንገቱ የተዘጋ ልብስ ይልበስ። ሲጨርስ ሳይታጠብ እንዳይበላ፤ ከጥይቱ የሚወጣው ጭስ እርሳስ አለው። ለማሳመሪያ የያዘውን ብር መጀመሪያ እዚህ ላይ ያውል።

ከቨርጂኒያ የተመለስኩ (ሱሉልታ)፦ ሲስተር ተባረኪ። እኔ ራሴ ልለው ሲገባ ረስቼው።

ጎረምሳው (ሰበታ)፦ እሺ ተሸነፍኩ 😅 ሜዳውን ተውኩት። ግን ሰው መዝናናት አይችልም ማለት ነው?

የስፖርት መምህር (ዱከም)፦ ይችላል፤ መዝናናት ባሩድ አይጠይቅም። የፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ላይ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ የተኮሰውን የቱርክ ሰው አስታወሳችሁት? ዩሱፍ ዲኬች ነው። ስልካችን ሁሉ በእሱ ፎቶ ተጥለቅልቆ ነበር። 51 ዓመቱ ነበር፤ ከሴት ባልደረባው ጋር በድብልቅ ቡድን የብር ሜዳሊያ አገኘ። የያዘው የአየር ሽጉጥ ነው። በታመቀ አየር 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች የእርሳስ ፍሬ ወደ 10 ሜትር ርቀት ይተኩሳል። መሐሏ 10 ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ከትንሽ ጣታችሁ ጥፍር ብዙ አትበልጥም። ደንቡ ምላጩ ሲሳብ ክብደቱ ከ500 ግራም በታች እንዳይሆን ያዛል። እዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው እንኳ ምላጩን እንደፈለገው ማቅለል አልተፈቀደለትም፤ የዳላሱ ጀማሪ ምን ሆኖ ነው የሚያቀልለው?

ለዳላሱ ልጅ የምመክረው በ.22 ይጀምር። ትንሽ ጥይት ናት፤ ድምጿም ግፊቷም ቀላል ነው። አንዷ ከ7 እስከ 8 ሳንቲም ነው የምትሸጠው። ሱሉልታ ባሰላው 3,600 ጥይት ብናባዛው 900 የነበረው ወደ 290 ዶላር ይወርዳል። ያው ታውረስ ራሱ በዚህ ጥይት የሚሠራ ቲኤክስ 22 የሚባል አለው፤ ዋጋውም ከጂ 3 ብዙ አይርቅም። ትልቅ ጥይት የሚተኩስ ጀማሪ ከመተኮሱ በፊት በፍርሃት እጁን ወደታች ይገፋል። ጥይቱ ከዒላማው በታች ይመታል፤ እሱ ግን ማነጣጠሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይቀይራል። ከዚያ ምላጩን፣ ከዚያ በርሜሉን። የማሳመር ወጪ ግማሹ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ግሎክ ነኝ (ገላን)፦ ይቺኛዋ ገባችኝ። ግን የ.22 ጥይት ብዙ ጊዜ ትከሽፋለች ይባላል።

የስፖርት መምህር (ዱከም)፦ ከ9 ሚሊ ሜትሩ በላይ ትከሽፋለች፤ እውነት ነው። ለመዝናኛ ግን ያ አይጎዳም፤ እንዲያውም ያስተምራል። ስትከሽፍ እጅህ ወደታች ሲወርድ በዓይንህ ታየዋለህ። ብቻ ዒላማው ላይ እንዳነጣጠረ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቅ። ዘግይታ የምትፈነዳ አለች።

ሻምበል (ሰንዳፋ)፦ መምህር ትክክል ብለሃል። እኛ ዘንድ ምልምል ጥይት ከማየቱ በፊት ባዶ መሣሪያ ይዞ ምላጭ ሲስብ ነበር የሚውለው። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ሳንቲም እናስቀምጥለታለን። ምላጩን ሲስብ ሳንቲሙ ከወደቀ ድገም ይባላል። ያ ልጅ ቤቱ ውስጥ በነፃ ሊሠራው ይችላል። መጀመሪያ ግን ካርታውን ይንቀል፣ የላይኛውን ተንሸራታች ወደኋላ ስቦ ጎሬውን፣ ማለት ጥይቱ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጥ፣ ጥይቱንም ሌላ ክፍል ያስቀምጥ። ባዶ መሰለኝ የሚለው ሰው ነው ሲገድል የኖረው።

ቶርኖ ቤት (ቡራዩ)፦ ሻምበል እንዳሉት ያድርግ። ለ.22ቱ ግን ባዶ ከመሳቡ በፊት መመሪያውን ያንብብ። በአንዳንዶቹ ላይ መርፌዋ ባዶ ስትመታ የጎሬውን ጠርዝ ትቀጠቅጣለች። ከዚያ ጥይት አልገባ ይላል።

አወያይ (ለገጣፎ)፦ ሁሉንም አንብቤ ላክሁለት። ግሎኩንም ታውረሱንም ለጊዜው ትቶታል። መተኮሻ ቦታው ሽጉጥ ስለሚያከራይ መጀመሪያ .22ቱን ተከራይቼ ልሞክር አለ። የማሳመሪያውን 300 ዶላርም በጆሮ መከላከያ፣ በመነጽርና በጥይት ልከፋፍለው ነው ይላል። ማነጣጠሪያ መቀየሩ ላይ ግን አሁንም ድርቅ ብሏል፤ አረንጓዴ የሚያበራ አይቶ ልቡ ሄዷል።

ቶርኖ ቤት (ቡራዩ)፦ ማነጣጠሪያውን ፈቅጄለታለሁ። ራሱ በመዶሻ እንዳይነካው ብቻ፤ ለባለሙያ ይስጠው።

ሻምበል (ሰንዳፋ)፦ የሚከራይ ማካሮቭ ካላቸውም ይጠይቅልኝ።