ፂሜን በተላጨሁ ቁጥር አንገቴ ይቆስላል፤ ክሬም ልቀባ ስል ደግሞ አፍራለሁ

ጠያቂ፦ ሚዜው (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም። ዕድሜዬ 27 ነው። ቦሌ አካባቢ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። ደንቡ በየቀኑ ፂምን ተላጭቶ መግባት ነው። እኔ ግን በተላጨሁ ማግስት አንገቴና መንጋጭላዬ ሥር ትንንሽ እብጠት ይወጣብኛል። አንዳንዱ ይመግላል፣ ሲድን ደግሞ ጥቁር ነጥብ ትቶ ነው። ነጩ የዩኒፎርም ኮሌታዬ ላይ ጠዋት ጠዋት ጤፍ የምታክል ደም ስለማትጠፋ መለዋወጫ ሸሚዝ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ባለፈው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቦርሳዬ ውስጥ የፊት ቅባት ያዩ ባልደረቦቼ «መኳኳል ጀመርክ እንዴ?» ብለው ሳምንቱን ሙሉ ሙድ ያዙብኝ። ከዚያ ወዲህ የምቀባው ማታ፣ በሬን ዘግቼ ነው። የምቀባውም እህቴ ፊቷን የምታጠራበትን አንድ ክሬም ነው። መጀመሪያ ላይ በሦስት ቀን ድምጥማጡን አጥፍቶልኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ቀን ከዘለልኩ ፊቴ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል። ጥር ላይ የልጅነት ጓደኛዬ ሚዜ ነኝ። እስከዚያ ምን ላድርግ?

ፀጉር አስተካካይ (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ 16 ዓመት ሰው ስላጭ ኖሬያለሁ። ያንተን ዓይነት አንገት በቀን ሁለት ሦስት አያለሁ፤ አብዛኛው ብጉር አይደለም። የኛ ፂም ጥቅልል ነው። ከሥሩ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግ ይጠመዘዝና ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ሰውነትህም እሾህ እንደገባበት ቆጥሮ ያብጣል። ሦስትና አምስት ምላጭ የተደረደረበት መላጫ ደግሞ የባሰ ነው፤ የፊተኛው ምላጭ ፀጉሩን ጎተት ያደርገዋል፣ የኋለኛው ከቆዳው በታች ይቆርጠዋል። በዚያን ቀን እንደ ሕፃን ፊት ልስልስ ትላለህ፣ በሦስተኛው ቀን ፍዳህን ታያለህ።

መጀመሪያ ቆዳው ይረፍ። ቢቻል አንድ ወር ምላጭ አታስነካው፤ በማሽን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያስቀረህ ከርክመው። በርቀት ሲታይ የተላጨ ይመስላል።

ወደ ምላጭ ከተመለስክ ደግሞ ሁልጊዜ ከሻወር በኋላ ይሁን፤ ካልሆነም በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ አምስት ደቂቃ ፂምህ ላይ አቆይ። ደረቅ ፂም አትላጭ። ከዚያ ፀጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ ነው የምትላጨው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጉንጭ ላይ ፂሙ ወደታች ይወርዳል፤ አንገት ላይ ግን አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ይበቅላል። ሁለት ቀን ያደገ ፂምህን በመዳፍህ ዳብሰው፤ እጅህ ሳይሻክረው የሄደበት፣ መንገዱ እሱ ነው። ቆዳህን በጣትህ ወጥረህ አትያዝ። አንዴ ያለፍክበትን አትድገመው።

ፀጉር ቤት የምትላጭ ከሆነ ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ ዓይንህ ይየው። ይህን ከኤችአይቪ ዘመን ጀምሮ ደንበኛው ሁሉ ለምዶታል። ማሽኑን የሚጠይቅ ግን የለም፤ ጭርት ደግሞ በማሽንም ይተላለፋል። «ወንድም፣ ማሽኑን በአልኮል ጥረግልኝ» ብትለኝ አልቀየምህም፤ ሥራዬን እንደምታከብር ነው የምቆጥረው። ተላጭተህ ስትጨርስ ያንን የሚያቃጥል አልኮል ፊትህ ላይ አታስረጭ። ቆዳውን ያደርቀዋል፣ የተላጨውን ቦታ ይባስ ያስቆጣዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ተለቃልቀህ ሽታ የሌለው ቅባት ተቀባ።

የድሮ ሰው (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ አትቀየመኝ። እኔ 58 ዓመቴ ነው። ፊቴን ከውሃና ከሳሙና በቀር ነገር አስነክቼው አላውቅም። ወንድ ልጅ መስታወት ፊት ቆሞ ሲቀባባ ማየት አይጥመኝም። ባልደረቦችህም የተናገሩት ክፉ አስበው አይመስለኝም። ፂምህን ማሳደግ ከቻልክ አሳድገውና ተገላገል።

ከደሴ

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። አባቴ ሐሙስ ማታ ሒና ይበጠበጥለትና ፂሙን ይቀባል። ጁምዓ ጠዋት ዓይኑን ይኳላል፣ አንገቱ ላይ ዐጥር የሚባለውን ሽቶ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ ነው ወደ መስጊድ የሚሄደው። በአካባቢያችን ከሱ በላይ የሚፈራ ሽማግሌ የለም። ባቲ ሰኞ ገበያ የሚወርዱ የአፋር ጎረምሶችን አይተው ከሆነ፣ ፀጉራቸውን በቅቤ አርሰው፣ ወገባቸው ላይ ጊሌ የሚባለውን ጩቤ ታጥቀው ነው። «ሴታሴት» የሚላቸው ማን ነው? እኛ አገር ወንድ መቀባባት የጀመረው ዛሬ በክሬም አይደለም። ቅቤው በቱቦ ስለተለወጠ ነው ልጁን የምናሳፍረው? አያሳፍርም።

ነርስ (የቆዳ ክፍል፣ አዲስ አበባ)

ሚዜው፣ የፂሙን ነገር ፀጉር አስተካካዩ በደንብ ነግሮሃል። እኔን ያሳሰበኝ የእህትህ ክሬም ነው። ቱቦው ላይ ከንግድ ስሙ ሥር በትንሹ የተጻፈውን አንብበህ ላክልኝ። ስንት ጊዜ ተጠቀምክበት?

ጠያቂ፦ ሚዜው

እግዚአብሔር ይስጥሽ ሲስተር። «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ» ይላል። ማታ ማታ ነው የምቀባው፣ አራት ወር ሆኖኛል። እህቴ መውሰዴን አታውቅም።

ነርስ (የቆዳ ክፍል፣ አዲስ አበባ)

የፈራሁት ይህንን ነው። ክሎቤታሶል ስቴሮይድ ነው፤ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ውስጥ በጣም ብርቱ ከሚባለው መደብ ነው። ሐኪም ሲያዘውም በተከታታይ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲቀባ አይመከርም፣ ፊት ላይ ደግሞ አይደረግም። መጀመሪያ ላይ ተአምር የመሰለህ እብጠትን ቶሎ ስለሚያከስምና ቆዳን ስለሚያነጣ ነው። ሲቆይ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች መታየት ይጀምራሉ፣ ራሱ ብጉር የሚመስል ሽፍታ ያመጣል። ጭርት ኖሮብህ ከሆነም ላይ ላዩን እየሸፈነ ውስጥ ውስጡን እንዲስፋፋ ያደርጋል። ስትዘል የሚያቃጥልህ ቆዳህ ስለለመደው ነው።

አሁን መቀባቱን አቁምና በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ቱቦውን ይዘህ ሂድ፤ «አንድ ክሬም» ብቻ ብለህ እንዳትነግራቸው። ካቆምክ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከበፊቱ ሊብስ ይችላል። ሰው ሁሉ ወደ ቱቦው የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ማስታገሻ ይሰጥሃል፣ ቻለው። ወደ አለርት ሆስፒታል ሂድ ስልህ እንዳትሸማቀቅ። በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተብሎ ስለተቋቋመ እስከ ዛሬ ስሙን ሰምቶ የሚሸሽ አለ። አሁን ግን ከብጉር እስከ ማድያት ያለውን የቆዳ ችግር ሁሉ የሚያዩ ሐኪሞች ያሉበት ቦታ ነው።

ለፂሙ እብጠት ሐኪሙ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይም አዳፓሊን ሊያዝልህ ይችላል። የመጀመሪያው ጨርቅ ያነጣል፤ ፎጣህንና ባለ ቀለም ልብስህን ጠብቅ። አዳፓሊን የአተር ፍሬ የምታህል ለሙሉ ፊት ትበቃለች፤ መጀመሪያ አንድ ማታ እየዘለልክ ጀምር፣ ይቆጠቁጣልና። ሁለቱንም ግን ከስቴሮይዱ የተጎዳው ቆዳ ሳያገግም በራስህ አትጀምር።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ክፍላችን የሚመጡ ወንዶች ብዙዎቹ ዘግይተው ነው የሚመጡት። ሴቶቹ ፋርማሲ ገብተው ይጠይቃሉ፣ እርስ በርስም ያወራሉ። ወንዱ ግን ስለሚያፍር እንዳንተ በሩን ዘግቶ ያገኘውን ይቀባል። ክሬም በመቀባትህ አልወቅስህም፤ ያስቆጣኝ ተደብቀህ የምትቀባውን ሳታነብ መቀባትህ ነው። ለእህትህም ዛሬውኑ ንገራት፤ እሷም ፊቷ ላይ እየቀባችው ነው።

ሹፌር (መገናኛ)

ጥቁር ነጥቡን በተመለከተ እኔ ከራሴ ልናገር። 11 ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። ግራ ክንዴንና ግራ ጉንጬን ከቀኙ ጋር ብታስተያዩት የሁለት ሰው ይመስላል። የቆዳ ሐኪሟ ፀሐይ ነው ስትለኝ «መስኮቱ እኮ ዝግ ነው» አልኳት። የመኪና የጎን መስታወት አንደኛውን ጨረር ቢያስቀርም ቆዳን የሚያጠቁረውንና የሚያስረጀውን በብዛት ያሳልፋል አለችኝ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል፣ ከፍታው ግን ጨረሩን ያበረታዋል። አሁን ጠዋት ከመውጣቴ በፊት 30 የሚል ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) እቀባለሁ። እብጠቱ ሲድን የሚተወውን ጥቁር ነጥብ ፀሐይ ካገኘው ቶሎ አይለቅም፤ ለዚህ ነው የምነግርህ።

ዋጋው ውድ ነው፣ አልዋሽህም። ነጭ ሆኖ ፊት ላይ የሚቀረውን ዓይነት ገዝቼ ረዳቴ «ዱቄት ነካህ» ብሎኝ ነበር፤ ቀለም የሌለው ጄል ፈልግ። አቅም ካጠረም ኮፍያ ከምንም ይሻላል።

ከዋሽንግተን ዲሲ

የመሥሪያ ቤትህ ደንብ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። እዚህ አሜሪካ ይህ የፂም ችግር ፀጉራቸው ጥቅልል በሆነ ጥቁር ወንዶች ላይ በብዛት ስለሚታይ የታወቀ ነው። ፍርድ ቤት ድረስም ሄዷል፤ በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት የአንድ ፒዛ ድርጅት ሠራተኞች ሁሉ ፂማቸውን ይላጩ የሚለው ደንብ ይህ ችግር ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች ይጎዳል ብሎ ፈርዷል። እኔም ጥበቃ ስሠራ የሐኪም ወረቀት አስገብቼ ፂሜን አሳጥሬ እንድይዝ ተፈቅዶልኛል። የአገር ቤቱ ሕግ ሌላ ነው። ሆኖም ሐኪም «ለስድስት ሳምንት ምላጭ አይንካው» ብሎ ቢጽፍልህ የትኛው አለቃ እምቢ ይላል? ተመካክረህ ጠይቅ።

ሐረግ (አዳማ)

ወንድሜ፣ ቀድሜ ላስጠንቅቅህ፤ ጥቁሩን ያነሳል ብለው ሎሚ የሚመክሩህ አይጠፉም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፤ ታናሽ ወንድሜ ጉንጩ ላይ የወጣበት ጠባሳ እስካሁን አለ። እሱም እንዳንተ ደብቆ ነበር። ነገሩን ካወቅሁ በኋላ የራሱን ሳሙናና ቅባት ገዝቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩለት፤ አሁን ማንንም ሳይፈራ ይጠቀማል።

የድሮ ሰው (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም አነበብኩ። ሲስተር፣ ከጥያቄው ከወጣሁ ይቅርታ። ስኳር አለብኝ። ተረከዜ ከተሰነጣጠቀ ቆየ፤ ባለቤቴ ቫዝሊን ስትለኝ እምቢ እያልኩ ነው የኖርኩት። ይጠቅመኛል?

ነርስ (የቆዳ ክፍል፣ አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እንኳን ጠየቁ። በጣም ይጠቅምዎታል። ስኳር ላለበት ሰው የተሰነጠቀ ተረከዝ የቁስል በር ነው። ማታ እግርዎን ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ፣ በጣቶችዎ መካከል ሳይቀር በደንብ ያድርቁ፣ ከዚያ ተረከዝዎንና የእግርዎን ጀርባ ቫዝሊን ይቀቡ። በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ፣ እርጥበቱ ፈንገስ ይጠራል። ስንጥቁን በምላጭ አይፋቁት። በየቀኑ መርገጫዎን ይመልከቱ፤ ጎንበስ ማለት ካቃተዎት ባለቤትዎ ይዩልዎት። ቁስል ወይም ቀለሙ የተለወጠ ነገር ካዩ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይሂዱ።

ጠያቂ፦ ሚዜው

ይኸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ ቱቦውንም አሳየሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት በጣም ከባድ ነበሩ። ፊቴ ቀልቶ፣ ተልጦ፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ቱቦው እቤት ቢኖር ኖሮ እመለስበት ነበር፤ እህቴ ነገሩን ስነግራት አልቅሳ የራሷንም ጨምራ ጣለችው። አሁን ማቃጠሉ ቀንሷል። የሐኪሙን ወረቀት ለአለቃዬ ሰጠሁት፤ በማሽን አሳጥሬ እንድገባ እስከ ጥር መጨረሻ ፈቅዶልኛል። አዲስ እብጠት ከወጣ ስምንት ቀን ሆነው፤ ጥቁር ነጥቡ ግን እንዳለ ነው። ቅባቴን አሁን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ በግልጽ ነው የምቀባው። አንዱ ባልደረባዬ አሁንም ይናገራል፣ አልመልስለትም።

ለፀጉር አስተካካዩ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሠርጉ እሑድ ነው። ሙሽራው ሚዜዎቹ ሁሉ ጠዋት አብረን እንድንላጭ ቀጠሮ ይዟል። ምን ልበለው?

ፀጉር አስተካካይ (ሐዋሳ)

እንኳን ለዚህ አበቃህ። ከነሱ ጋር ሂድ፣ ወንበሩም ላይ ተቀመጥ፤ ነገር ግን ምላጭ እንዳያስነኩህ። ፂምህን በማሽን አንድ ሚሊ ሜትር፣ ዙሪያውን በማሽኑ ጫፍ መስመር ያውጡልህ፤ አንገትህ ላይ ግን መስመሩን ወደ ላይ እንዳይገፉት። ከርካሚህ አዲስ ሰው ከሆነ ዓርብ ዕለት አንዴ ሞክረው፤ ቆዳህ ከተቆጣ እስከ እሑድ ይበርድልሃል። ሙሽራውም እንዳንተው ፂሙ ጥቅልል ከሆነ ይህንኑ ንገረው።